ሐዋሳን ለመኖሪያ ለምታስቡ፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ስላለችው ከተማ ጥያቄ ካላችሁ

የአቶቴው መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሐዋሳ የሚነሡ ጥያቄዎችን ሳነብ አብዛኞቹን መልሶች የሚሰጡት ዓርብ ማታ ገብተው እሑድ ከቀትር በኋላ የሚመለሱ ሰዎች መሆናቸውን አስተውያለሁ። እነርሱ የሚያውቋት ሐዋሳ ሐይቁ፣ ዓሣው፣ የሆቴሉ ግቢና የማታው ሙዚቃ ናት። ውሸት ነው አልልም፤ ነገር ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለችው ከተማ ሌላ ናት። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው፤ አሁንም በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለዚህ ለሥራም ሆነ ለኑሮ ወደዚህ ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ በማውቀው መጠን እመልሳለሁ። የመዝናኛ ጥቆማ የሚፈልግ ሰው ሌላ ክር አያጣም።

ከደሴ ተዛዋሪ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ክሩ በሰዓቱ ነው የተከፈተው። የባለቤቴ ሥራ ወደ ሐዋሳ ስለተዛወረ በነሐሴ መጨረሻ ልጆቻችንን ይዘን ጓዛችንን ጠቅልለን እንመጣለን። እኔ ነርስ ነኝ። ሁላችንም ደጋ የለመድን ስለሆንን በመጀመሪያ የምፈራው ሙቀቱንና ወባውን ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ሰፈር ነው። ካርታው ላይ መንገዱ ሁሉ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው፤ የቱ ሰፈር ለቤተሰብ እንደሚስማማ ግን ካርታ አይናገርም።

የአቶቴው መምህር፦

እኅቴ፣ ከወዲሁ እንኳን ደኅና መጡ። ስለ ሙቀቱ የሚወራው የተጋነነ ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ከተማ ናት፤ አርባ ምንጭን አስበው ከመጡ ይገረማሉ። የካቲትና መጋቢት ላይ እኩለ ቀኑ ይከብዳል፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ስለሚነሣ ሰው ወደ ደጅ ይወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ የልጆቹን ሹራብ ደሴ ትተው እንዳይመጡ።

ወባው ግን እውነት ነው። ነርስን ስለ ወባ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ ስለዚህ የአካባቢውን ነገር ብቻ ልናገር። ክረምቱ ወጥቶ ውኃ በየጉድጓዱ ሲያቁር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ያለ አጎበር መተኛት አይመከርም። ወደ ሐይቁና ወደ ጥቁር ውኃ ወንዝ በቀረቡ ቁጥር ትንኙ ይበዛል። እንግዳ ሰው የሚዘነጋው ይልቁንም ብልሃርዚያን ነው። በሐይቁ ዳርና በጥቁር ውኃ አካባቢ በሚኖሩ ሕፃናትና በዓሣ አጥማጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሽታው መኖሩን ደጋግመው አሳይተዋል። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ልጆች ገብተው መንቦጫረቅ የሚወዱትም እዚያው ነው። ከዳር ሆነው ይመልከቱ፣ በጀልባ ይሂዱ፤ ዋና ግን በሆቴሎቹ መዋኛ ገንዳ ይሁን።

ሌላም አለ። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል፤ በአካባቢው ባደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚያዩት ቡናማ ቀለም የዚያ ምልክት ነው። ቤት ሲከራዩ ውኃው የቧንቧ ይሁን የግቢው ጉድጓድ አጥብቀው ይጠይቁ፤ ፍሎራይድ በማፍላት አይወጣም። ቋሚ ጥርሳቸው ገና እየተፈጠረ ላለ ልጆች ይህ ከቤቱ ስፋት ይበልጥ ያሳስባል።

ወደ ሰፈሩ ልምጣ። መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለው በአጋጣሚ አይደለም። ሐዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛትን ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን፣ ፕላን ወጥቶላት የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫም በኋላ ከይርጋለም ወደዚህ ተዛውሯል። ዋናው ጎዳና ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ገብርኤልን ከጀርባዎ፣ ሐይቁን ከፊትዎ ካደረጉ የታቦር ተራራ በግራዎ፣ ወደ ጥቁር ውኃና ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው አቅጣጫ በቀኝዎ ይሆናል፤ ይህን ከያዙ አይጠፉም።

ሐይቅ ዳር ያማረ ነው፤ ነገር ግን የቅዳሜ ሌሊት ሙዚቃ እስኪነጋ ስለማይቆም ሌሊት ተረኛ ለሆነ ሰው አልመርጥለትም። ፒያሳና አረብ ሰፈር የንግድ ቦታዎች ናቸው። የእኔ ሰፈር አቶቴ ሰው ይበዛበታል፤ ሱቁም ትራንስፖርቱም ደጅ ላይ ነው፤ ጫጫታውም እንደዚያው። ወደ ዳቶና ወደ ቱላ በኩል ቤቱ ሰፋ፣ ኪራዩም ቀለል ይላል፤ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ግን በዝናብ ጊዜ ጭቃ ነው። በታቦርና በአላሙራ ተራሮች ሥር ቤት ካዩ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ ከአከራዩ ሳይሆን ከጎረቤት ይጠይቁ።

ባለ ሦስት እግር፦

መምህር ጥሩ ተናግረዋል። እኔ ባጃጅ እነዳለሁ፤ ስለ ትራንስፖርቱ ልጨምር። እዚህ አገር ባጃጅ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በመሥመር ነው፤ ረዳት የለንም፣ ሹፌሩ ራሱ «ፒያሳ!»፣ «አቶቴ!»፣ «ሪፈራል!» እያለ ይጠራል፤ ሰው ገብቶ በየመንገዱ ይወርዳል፣ ታሪፉም የታወቀ ነው። ሁለተኛው ኮንትራት ነው። ሻንጣ የያዘና አካባቢውን የማያውቅ ሰው መናኸሪያ ላይ ሲወርድ ማንም መሥመር አይለውም፤ ኮንትራት ነው የሚባለው፤ ዋጋውም በተናጋሪው ድፍረት ይወሰናል። ሳይገቡ ይነጋገሩ። ቤንዚን ሲጠፋና ማደያው ሰልፍ በሰልፍ ሲሆን ታሪፉ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ሹፌሩን ብቻ አይቆጡ፤ ብዙዎቻችን የምንነዳው የሰው ባጃጅ ስለሆነ ቤንዚን ተገኘም አልተገኘም ለባለቤቱ የቀን ገቢ መስጠት አለብን።

ልጆችዎ ብስክሌት ካላቸው ይዘው ይምጡ። ከተማው ሜዳ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም በብስክሌት ይሄዳል። ከእኛ ከባጃጆች እንዲጠነቀቁ ብቻ ይንገሯቸው፤ ማዕዘን ላይ ድንገት የምንታጠፍ እኛው ነን።

የመርካቶው ተመላላሽ፦

ሸቀጥ ይዤ ወደ ሐዋሳ እመላለሳለሁ። መምህር ከተማዋን አሳምረው ነው የሚናገሩት፤ እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። የቀድሞው የደቡብ ክልል ቢሮዎች ከወጡ በኋላ ገበያው ቀዝቅዟል፤ በፊት በወር መጀመሪያ የሚያልቅልኝ ዕቃ አሁን ይከርማል። የኢንዱስትሪ ፓርኩም እንደተወራለት አልሆነም ይባላል። እዚያ የሚኖር ሰው ምን ይላል?

የአቶቴው መምህር፦

ወንድሜ፣ የሚያዩት ነገር እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ከፋፍሎ ማየት ያስፈልጋል። ሐዋሳ ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። ከሲዳማው ሌላ የወላይታው፣ የጋሞው፣ የከንባታው፣ የሃዲያው፣ የጉራጌው፣ የከፋው የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ደመወዙን የሚቀበለውና የሚያጠፋው እዚህ ነበር። ኅዳር 10 ቀን 2012 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ሕዝቡ መረጠ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ገደማ ክልሉ ሥልጣኑን ተረከበ። በ2014 የደቡብ ምዕራብ ክልል፣ በ2015 መጨረሻ ደግሞ የማዕከላዊና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ፋይልና ወንበር የጫኑ መኪኖች ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታ ሶዶ ሄዱ፤ ሠራተኛውም አብሮ ሄደ። በትምህርት ዓመቱ መካከል ከክፍሌ መሸኛ ወስደው የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ። ሠራተኛው ቁርስና ምሳ ይበላባቸው የነበሩ ቤቶች አንዳንዶቹ ተዘግተዋል፤ አንዳንዶቹ ባለቤት ቀይረዋል።

በሌላ በኩል የሲዳማ ክልል ቢሮዎች ሁሉ እዚህ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው አለ፤ ሪፈራሉና አዳሬ ሆስፒታል ከሩቅ ወረዳ ሳይቀር ታካሚ ይጠራሉ። ስለዚህ ከተማዋ ቀዘቀዘች ከማለት ይልቅ ሸማቿ ተለወጠ ማለቱ ለእኔ ይቀርበኛል። ደመወዝ ጠብቆ ሱፍ ልብስ የሚገዛው ሰው ቀንሷል፤ ሰኞና ሐሙስ ከወረዳ ለገበያ የሚወጣው ሰው ግን አልቀነሰም። የሚያመጡትን ሸቀጥ ዓይነት ቢያጤኑት መልካም ይመስለኛል።

ፓርኩን በተመለከተ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ የነበረው ተስፋ ትልቅ ነበር። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ከአጎዋ ዕድል ስትታገድ፣ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ለመላክ ታስቦ የተተከለው ሥራ ሁሉ ተናጋ። የውስጡን ኑሮ ግን ሠርቶበት ያየ ሰው ቢናገር ይሻላል።

የስፌት ልጅ፦

ሠርቼበታለሁና ልመልስ። ከገጠር ቀበሌ ተመዝግቤ ነው የመጣሁት፤ ስንመጣ ምልመላና የጣት ቅልጥፍና ፈተና ነበር። እኔ የሸሚዝ ኮሌታ ላይ ነበር የተመደብኩት። የአንዷ ሥራ ለሌላዋ መነሻ ስለሆነ አንድ ሰው ከዘገየ መሥመሩ በሙሉ ይቆማል፤ በየሰዓቱ የተሠራው ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ተቆጣጣሪውም ሰሌዳውን እንጂ ፊታችንን አያይም ነበር። የኔ ቅሬታ ከሥራው ክብደት ይልቅ ደመወዙ ላይ ነው፤ የቤት ኪራይና አስቤዛ ከተከፈለ በኋላ ለቤተሰብ የሚላክ ነገር አይተርፍም ነበር። አራት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ፈረቃችን ስለሚለያይ አንድ ፍራሽ ላይ ሁለት ሁለት ሆነን በተራ እንተኛ ነበር። የሠራሁበት ድርጅት ትእዛዝ ቀነሰ ብሎ ሲያሰናብተን ቀሪ ክፍያዬን ለማግኘት ብዙ ተመላልሻለሁ።

ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ክፉ ነበር ካልኩ ግፍ ይሆንብኛል። ስፌት የተማርኩት እዚያ ነው፤ አሁን ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ማሽን የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እንሰፋለን። መስከረም ሲደርስ ሥራው ይበዛል። የደሴዋ እኅታችን፣ ልጆችዎን ሲያስመዘግቡ የደንብ ልብሱን ትምህርት ቤቱ ራሱ ይሸጥ እንደሆነ፣ ወይስ ጨርቁን ገዝቶ ማሰፋት ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚፈቀድ ከሆነ ጨርቁን ከገበያ ገዝቶ ማሰፋቱ ይረክሳል።

ጣና ዳር፦

እኔ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ የሐይቅ ከተማ ሰው ነኝና ጥያቄዬ ስለ ዓሣው ነው። የሐዋሳ ሰው በእርግጥ ዓሣ ይበላል ወይስ ለእንግዳ ብቻ ነው? ጥሬ ዓሣ ይበላል የሚባለውስ? ደግሞም ሐይቁ እየቆሸሸ ነው ሲባል እሰማለሁ።

የአቶቴው መምህር፦

ይበላል፣ ያውም በደንብ። በጾም ወራት ደግሞ ፈላጊው ይበዛል። ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም የሚለው ክርክር እዚህም እንደ ሌላው አገር አልተዘጋም፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ እናት ስትተው ልጅ ሲበላ ይታያል።

ዓሣውን ማየት የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ረፋድ ከእንግዳው ጋር ተጋፍቶ ሳይሆን በሥራ ቀን፣ ገና ሲነጋጋ፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ይውረድ። ሌሊት መረብ ጥለው ያደሩት ጀልባዎች በዚያ ሰዓት ይገባሉ። መረቡ እንደተጠቀለለ ይወርድና ዓሣው አንድ በአንድ ይፈለቀቃል፤ ቆሮሶው ወደ አንድ ወገን፣ አምባዛው ወደ ሌላ ወገን ይለያል፤ ነጋዴዎቹ ጀልባው ገና ዳር ሳይነካ ዋጋ መጣል ጀምረዋል። ከዚያ ሥራው የልጆቹ ነው። አንዱ ቆሮሶውን በጉልበቱ ላይ ጋደም አድርጎ ከጀርባው በኩል በቢላዋ አንዴ ይሰነጥቀዋል፤ ሥጋውን ከአጥንቱ በሁለት ጭረት ይለይና የቆዳውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ሥጋውን በእጁ ይስባል፤ ቆዳው ሳይበጠስ ይወጣል። ቀና ሳይል ቀጣዩን ያነሣል። ከጀርባው ቁመታቸው ከእርሱ የማያንስ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ሰብረው ተሰልፈዋል፤ ሆድ ዕቃው ሲወረወር ብቻ ነው የሚነቃነቁት። ቱሪስቱ የሚያነሣው ፎቶ እነርሱን ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የምመለከተው የልጁን እጅ ነው።

ጥሬውንም የሚበሉ አሉ፤ አዲስ የወጣ ቆሮሶ ተከትፎ በዳጣ ይቀርባል። የለመደ ሰው ያመሰግነዋል። ለእንግዳ ሆድ የምመክረው ግን ከጭንቅላቱና ከአጥንቱ የሚሠራውን፣ ቃሪያ የበዛበትን የዓሣ ሾርባ ነው። በብርድ ማለዳ እርሱን የሚያህል ነገር የለም።

ስለ ሐይቁ ንጽሕና ያነሡት ቁም ነገር ነው፤ እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው። የእናንተ ጣና ዓባይን ይሸኛል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ግን በዓይን የሚታይ መውጫ የለውም። ዋናው መጋቢው ጥቁር ውኃ ነው። እንዲህም ሆኖ ውኃው እንደ ሻላና እንደ አቢጃታ አልመረረም፤ ከፊሉ በምድር ሥር እየሰረገ ይወጣል የሚለው ማብራሪያ ለዚህ ይቀርባል። ነገር ግን ጨው ባይከማች እንኳ ወንዙ ያመጣው አፈርና ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። በምሥራቅ በኩል የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ አሁን ረግረግ ሆኗል። በፊት የወንዙን አፈር አስቀርቶ የሚያጣራው እርሱ ነበር፤ እርሱ በደለል ሲሞላ ተረኛው ትልቁ ሐይቅ ሆነ። ከላይ ያለው ተራራ ታረሰ፣ ዛፉ ተቆረጠ፣ አፈሩ ወረደ። የሐይቁም ወለል ከፍ እያለ መጥቶ በዝናባማ ዓመታት ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ዳሩን ተከትሎ ግንቡ የተሠራው ለመናፈሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ፋብሪካዎችም አሉ፤ ከመካከላቸው ፍሳሻቸው ወደ ጥቁር ውኃ የሚደርስ እንዳለ ተጠንቷል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ሆኖ ነው የተሠራው፤ የቀደሙት ፋብሪካዎች ግን የተተከሉት ይህ ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት ነው። ከሁሉም በላይ ዓሣውን የጎዳው ግን ዓይኑ የጠበበ መረብ ነው። ገና ያልወለደ ቆሮሶ ይወጣል፤ ሳህን ላይ የሚቀርበው ዓሣም ከዓመት ዓመት አንሷል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ሥነ ምህዳር ስጽፍ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ልጆች የአጥማጆች ልጆች ናቸው፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የሚመልሱልኝ ግን «መምህር፣ ዛሬ ምን እንብላ?» ብለው ነው።

ኳስ ወዳድ፦

የእኔ ጥያቄ አጭር ናት፤ ኳስ አለ ወይ?

ባለ ሦስት እግር፦

አለ እንጂ! ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና ሁለቱም የእኛው ናቸው። ሐዋሳ ከተማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በ1996 እና በ1999 ወስዷል። ሁለቱ እርስ በርስ ሲጫወቱ ባጃጅ ፈልገው አያገኙም፤ ሁላችንም ስታዲየም ነን።

የመርካቶው ተመላላሽ፦

ከተማዋ እሳተ ገሞራ ላይ የተቀመጠች ናት የሚባለውስ ወሬ ነው?

የአቶቴው መምህር፦

ወሬ አይደለም። ሐይቁና ከተማዋ የተቀመጡት በጥንት ዘመን በተደረመሰ ሰፊ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ከሐይቁ በስተ ሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራም እስከ ዛሬ እንፋሎት ይተፋል። በጥር 2008 ሌሊት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ተደናግጠው ከማደሪያቸው ሲወጡ የተጎዱ ነበሩ። እኛ በዚህ ምክንያት አገር አንለቅም፤ ፎቅ የሚሠራ ሰው ግን ብረቱን ባይሰስት ደስ ይለኛል።

የይርጋለም ልጅ፦

እስካሁን በዝምታ ሳነብ ነበር። ስለ ከተማዋ ብዙ ተባለ፤ ከተማዋ ስላለችበት ምድር ባለቤት ግን ጥቂት ነው የተነገረው። ቅር አይበላችሁ፤ መምህርም የሚያውቁትን ነው የነገሩን። ሐዋሳ ለሚመጣ ሰው ፍቼ ጫምባላላን ሳያውቅ መኖር ጎረቤቱን ሳያውቅ እንደመኖር ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ በ2008 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀኑ እንደ ገና ወይም እንደ መስቀል በታወቀ ቀን አይውልም። የሲዳማ ሳምንት ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶና ቃዋላንካ የሚባሉ አራት ቀናት አሉት፤ ወሩ 28 ቀን፣ ዓመቱ 13 ወር ነው። አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሌዎች የከዋክብትን ጉዞ ከጨረቃ ጋር አስተያይተው ቀኑን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው በየገበያው የሚታወጀው። ስለዚህ የሚውልበት ጊዜ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል።

በዋዜማው ማታ ከለምለም እንጨት በተሠራው ሁሉቃ ሥር ሰውም ከብትም ያልፋል፤ ከዚያ ቤተሰብ ሻፌታ የሚባለውን ትልቅ የሸክላ ገበታ ከብቦ ቡርሳሜ ይበላል። ቡርሳሜ የእንሰት ምግብ ሆኖ ቅቤው ሞልቶ የሚፈስ፣ በወተት የሚወራረድ ነው። አባቶች እንደሚያወጉት በዓሉ የሚዘክረው ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን የምትጠይቅ፣ ጎረቤቱም አብሮ የሚቋደስላት የአንዲት ሴት ነገር ነው። በማግስቱ ጫምባላላ ነው። ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» ይላሉ፤ በዚያ ቀን ከብት አይታረድም፣ ዛፍ አይቆረጥም። ሐዋሳ ላይ ሕዝቡ የሚሰበሰበው ሐይቁ አጠገብ ባለው ጉዱማሌ ነው፤ ከየወረዳው የሚመጡ ሽማግሌዎች ቄጣላውን እየጨፈሩ ሲገቡ መንገዱ ሁሉ ይሞላል። የደሴዋ እኅት፣ ልጆች በርዎን ሲያንኳኩ ባዶ እጅዎን እንዳይወጡ፤ በፊት ቡርሳሜና የቅቤ ቅባት ነበር የሚሰጣቸው፣ አሁን በከተማው ዳቦም ሳንቲምም ይቀበላሉ።

ከደሴ ተዛዋሪ፦

እንዴት ያለ መልካም ነገር ነው የነገሩኝ፤ እኛም ቤት የቡሄ ልጆች አሉ፣ ባዶ እጅ አልወጣም። ስለ ቋንቋውስ? ሲዳምኛ ሳልችል ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አገኛለሁ ወይ?

የይርጋለም ልጅ፦

የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ስለሆነ በክልሉ መሥሪያ ቤቶች ለመቀጠር ቋንቋውን ማወቅ ይጠቅማል፤ ለአንዳንዱ የሥራ መደብም ግድ ነው። በከተማው ውስጥ አማርኛ በሁሉም ቦታ ይነገራል፤ ወላይትኛና ኦሮምኛም በየገበያው ይሰማሉ። ለነርስ ግን ሌላ ነገር አለ። ከገጠር የሚመጡ እናቶች ሕመማቸውን በአማርኛ ሙሉ በሙሉ መናገር ይቸግራቸዋል። የት ያምምዎታል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መድኃኒቱን ከምግብ በፊት ይውሰዱ የሚሉትን ያህል ቢለምዱ ታካሚውም ባልደረባዎም ይወድድዎታል። «ኬሬ» ብለው ሰላምታውን ይጀምሩ፤ የቀረውን እነርሱ ያስተምሩዎታል።

ከደሴ ተዛዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ አንድ የመጨረሻ ነገር ላስቸግርዎ። ባለቤቴ ቤት ለማየት ብቻውን ቀድሞ ሊመጣ ነው። በሐምሌ ሁለተኛ አጋማሽ ነፃ ነኝ ይላል፤ መቼ ቢመጣ ይሻላል?

የአቶቴው መምህር፦

የሐምሌ 19ን ሳምንት ይዝለለው። የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ስለሚውል ከየአገሩ ምእመን ይመጣል፤ አልጋ አይገኝም፣ ያለውም ዋጋው ሌላ ነው፣ ደላላውም በዚያ ሰሞን ቤት ፈላጊን እንጂ ቤቱን አያይም። ከሐምሌ 23 በኋላ ይምጣ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ በኩል ይመጣል፤ ከሞጆ ባቱ ያለውን በፍጥነት መንገዱ መሄድ ይቻላል። በማለዳ ከተነሣ ምሳውን እዚህ ይበላል።

እሑድ ገብቶ ሰኞን በገበያው ይዋል፤ የጤፍና የአስቤዛን ዋጋ ሳያውቁ በኪራይ መስማማት አይበጅም። አቮካዶና ቡና ግን ከደሴ ዋጋ ጋር እንዳያስተያይ፣ እዚህ የአገር ምርት ስለሆኑ ሌላውም ርካሽ ነው ብሎ ይሳሳታል። ማክሰኞና ረቡዕ ቤቶቹን ይይ፤ አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ ይየው፣ አንድ ጊዜ ቀን፣ አንድ ጊዜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ፤ የውኃውን ግፊት፣ የመብራቱን ነገርና የጎረቤቱን ጩኸት የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። የሦስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቁ አከራዮች አሉ፤ ውል ሳይጻፍና ሳይፈረም ቀብድ እንዳይሰጥ። የደላላው ድርሻ ስንት እንደሆነም ቤቱን ከማየቱ በፊት ይነጋገር። ከደሴ ሲነሣ የቀበሌውን መሸኛና የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ማኅተም ያረፈበት አድርጎ ይያዝ፤ ያለ መሸኛ እዚህ መታወቂያ ለማውጣት ብዙ ይመላለሳል። አቶቴ አካባቢ ከሆነ የሚያየው፣ በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝ፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ አብሬው እዞራለሁ።